አባት ያላሰማው ቃል፦ የካማራ ላዬ የልጅነት ትዝታ እንደገና ሲነበብ

ካማራ ላዬ «ላንፋን ኗር» (ጥቁሩ ልጅ) የተሰኘውን የልጅነት ትዝታውን እ.ኤ.አ. በ1953 ፓሪስ ላይ ሲያሳትም ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበር። የተወለደው ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው ጊኒ፣ ኒጀር ወንዝ ዳር ባለችው ኩሩሳ ነው። አባቱ አንጥረኛ ነበር፤ ቤቱ ግን የተለመደ የአንጥረኛ ቤት አልነበረም። አንዲት ትንሽ ጥቁር እባብ እየተመላለሰች ወደ ሥራ ጎጆው ትገባለች፤ አባትየው በእጁ ይዳብሳታል፤ ሊመጣ ያለውን ነገር በሕልሙ የምታሳውቀው እሷ ናት። እናቱ ደግሞ አዞ ከሚፈራበት ወንዝ ያለ ስጋት ውኃ ትቀዳለች፤ ቶተሟ፣ ማለትም ከዘሯ ጋር የተሳሰረው እንስሳ፣ አዞ ነውና።

ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የሚያስታውሰው በእነዚህ ተአምራት ነው። እኔን ደጋግሞ የሚስበኝ ግን ደራሲው የሚያውቀውን ከማያውቀው የሚለይበት ጥንቃቄ ነው። የልጅነቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያኔ ያልገባውን ኋላ ባገኘው እውቀት ለመሙላት ይፈተናል። ላዬ ክፍተቱን እንዳለ ይተወዋል።

ወርቅ የሚቀልጥበትን ቀን እንውሰድ። ወርቅ አጥባ ያጠራቀመች ሴት ጌጥ ልታሠራ ትመጣለች፤ ግሪዮ የሚባለውን አወዳሽ አስከትላ ነው የምትመጣው። ግሪዮው ኮራ የተባለውን ባለክር መሣሪያ እየመታ የአንጥረኛውን የዘር ሐረግ ሲቆጥር የአባትየው ልብ ይሞላል፤ ተራ ሲጠብቅ የቆየው ሥራ ይቆምና የሴትየዋ ወርቅ ይቀድማል። የሸክላ ማቅለጫው ምድጃው ላይ ይጣዳል፣ ከሰል ይለብሳል፤ ሁለት ለማጆች ከበግ ቆዳ የተሠራውን ወናፍ ይነፋሉ። በዚህ ሰዓት ግሪዮው ሳይቀር ዝም ይላል። የሚሰማው የወናፉ ትንፋሽና የወርቁ ስስ ፉጨት ብቻ ነው። የአባትየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም። ልጁ ለእሳት፣ ለነፋስና ለወርቅ መናፍስት የተላከ ልመና መሆኑን ያምናል። ቃሉን አልሰማምና አይጽፈውም። የአስማት ቃል ፈጥሮ የፓሪስን አንባቢ ማስደመም ለእሱ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ሳስብ፣ ይህ ቁጥብነት ትልቅ የጥበብ ውሳኔ ሆኖ ይታየኛል።

የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ባለእጁ «ጠይብ» እየተባለ፣ ቡዳ ነው እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል፤ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል የዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ እስኪያስፈልግ ድረስ። በላዬ ወገኖች በማሊንኬዎች ዘንድም አንጥረኛ በጋብቻ የተለየ ወገን ነው፣ ኃይሉም ይፈራል፤ በላዬ ቤት ግን ፍርሃቱ ከአክብሮት ጋር አብሮ ይኖራል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከመገረዛቸው በፊት ወንዶች ልጆች በሌሊት ወደ ጫካ ተወስደው ኮንዴን ዲያራ በተባለው ሥርዓት የ«አንበሶችን» ግሣት ይሰማሉ። ላዬ ግሣቱ በገመድ ታስረው አየር ላይ ከሚሽከረከሩ ቀጫጭን እንጨቶች የሚወጣ መሆኑን ኋላ አውቋል፤ ምስጢሩንም ሳይደብቅ ይነግረናል። የእባቧን ነገር ሲያነሣ ግን ምንም ማብራሪያ አይሰጥም። ልዩነቱ የእምነት ወይም የይሉኝታ አይደለም፤ የአንዱን ውስጥ አይቷል፣ የሌላውን አላየም። የራሱ ቶተም ምን እንደሆነ እንኳ እንደማያውቅ ይጽፋል። ይህን የሚያስተምረው አባቱ ነበር፤ እሱ ግን ከአባቱ አጠገብ የራቀው ገና በልጅነቱ ነው። መጀመሪያ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የኮናክሪ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም ፈረንሳይ ወሰደው።

ካሜሩናዊው ደራሲ ሞንጎ ቤቲ በ1950ዎቹ አጋማሽ «ፕሬዛንስ አፍሪኬን» መጽሔት ላይ መጽሐፉን አጥብቆ የነቀፈው ቅኝ ገዥው በገጾቹ ውስጥ ስለማይታይ ነበር። ነቀፋው መሠረት አለው። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የግዳጅ ሥራ በሕግ የተሻረው በ1946 ነው፤ ላዬ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ስለ ጉዳዩ ምንም አለመስማቱን መቀበል ይከብዳል። ሆኖም ቤቲ አንድ ነገር ያለፈው ይመስለኛል። ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን እየገረፉ ግቢውን የሚያስጠርጉበት ያ ትምህርት ቤት በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁን ከምድጃው ያራቀውና ያን ያልተሰማ ቃል ለዘለዓለም የነሳው ይኸው ትምህርት ቤት ነው። ቅኝ ግዛት እዚህ የሚታየው ባሳጣው ነገር ነው።

አዴል ኪንግ የተባለችው ተመራማሪ በ2002 ባሳተመችው ጥናት ላዬ መጽሐፉን ሲጽፍ የሌሎች እጅ እንደነበረበት ተከራክራለች። ክርክሩ እውነት ቢሆን እንኳ እዚህ የተመለከትነው ቁጥብነት ከገጾቹ ላይ አይጠፋም፤ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ብቻ ይቀየራል።

ላዬ በ1966 ባሳተመው «ድራሙስ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ነቃፊዎቹ የጠየቁትን አደረገ፤ በፕሬዝዳንት ሴኩ ቱሬ ትመራ በነበረችው ጊኒ ላይ ያለውን ፍርድ በግልጽ ጻፈ። ያኔ አገሩን ትቶ ሴኔጋል ገብቶ ነበር፤ በ1980 እስኪሞት አልተመለሰም። ድፍረቱን አከብራለሁ። ይሁንና በ«ድራሙስ» ገጸ ባሕርያቱ የሚያምኑትን ሁሉ እርስ በርስ ሲያብራሩ ይውላሉ፤ በምድጃው ዙሪያ የነበረው ዓይነት ዝምታ አንድ ገጽ ያህል እንኳ አላገኘሁበትም።