ጅብ ሳይሄድ የሚጮኸው

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ የተረተው ሰው በፎገራ ሜዳ በረት ዳር አድሮ አያውቅም። እኔ በእረኝነት ያደግሁት በርብና በጉማራ መካከል ነው። የእኛ አገር ውሻ ሙያው ጅቡ ሳይደርስ መጮኽ ነበር።

ሜዳው ከጉና ተራራ የሚወርዱት ሁለቱ ወንዞች ደለል እያመጡ የሠሩት፣ በምዕራብ በኩል ጣና የሚያዋስነው መሬት ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በጋ ሣር ይሆናል። በልጅነቴ ሐምሌ ሲገባ ከብቱን ወደ ከፍታው እናወጣ ነበር፤ ኅዳር ላይ ውኃው ሲሸሽ ወደ ሣሩ እንመልሳለን። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋ የፎገራ ላም ረግረጉን የለመደች፣ ወተቷም የተመሰገነ ናት። በጋውን ታድርበት የነበረው የእሾህ በረት ግን ከመንደር ይርቅ ነበር። ውሻውን ባለሙያ ያደረገው ይህ ርቀት ነው።

ዘሩ ምንድን ነው ብትሉኝ ድብልቅ ነው። ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ቡሬ አለ፤ ፀጉሩ አጭር፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተቆለመመ። ማንም አስቦ አላዳቀለውም፤ ምርጫ ግን ነበር። አያቴ ቡችላ ከመውሰዳቸው በፊት እናቲቱ ባለችበት ቤት አምሽተው ያዳምጡ ነበር። ለነፋሱም ለመንገደኛውም የምትጮኽ ከሆነች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። የተመረጠው ቡችላ ጡት እንደተወ ከጥጆቹ ጋር ይታሰርና የከብቱን ሽታ እየለመደ ያድጋል። ቀለቡ የእንጀራ ፍርፋሪና አጓት ነው። በሁዳዴ እኛ ስንጾም እሱ ይገድፍ ነበር።

ከአውሮፓ የበግ ውሾች መንጋ የሚነዱ አሉ፤ የእኛው አይነዳም። መንዳት የእረኛው በትር ሥራ ነው። ውሻው ቀኑን ጥላ ሥር ተጋድሞ ይውላል፤ የማያውቀው ሰው ሰነፍ ይለዋል። ሲመሽ ተነሥቶ በረቱን ይዞራል። ጅብ ከመጣ ዘሎ አይገጥመውም፤ ብልህ ከሆነ እየጮኸ፣ ወደፊት እየሄደ ወደኋላ እየሸሸ፣ ሰው እሳት ይዞ እስኪደርስ ያዘገየዋል። ዘሎ የሚገጥመው ደፋር ዕድሜው አጭር ነው። ጅብ እንዳይዘው ተብሎ የቡችላ ጆሮ የሚቆረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቁስሉ ላይ ዝንብ ሲያርፍ አይቻለሁና ይህን ልማድ አልወደውም፤ ጆሮው እያለም ጅብ ያባረረ ውሻ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ውሻ አይዳሰስም፣ ቤት አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከታየማ በድንጋይ ይባረራል። ከብቱን ሁሉ አምነን የሰጠነውን እንስሳ እጃችንን ሳንሰጠው ኖረናል።

ጅቡ በዚህ አገር ቀላል ጠላት አልነበረም። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ከተማይቱ ከምሽት እስከ ንጋት በጅብ ስትታመስ ማየቱን ጽፏል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከብቱን ጨረሰው፤ ረኃብ ተከተለ። በዚያ ክፉ ቀን ጅብ ሰው ከየቤቱ እስከ ማውጣት ደፍሮ ነበር።

የውሻውን ሥራ የቀነሰው ግን ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙ ከዚያ ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሩዝ ተስማማ፤ ሩዙም የወል ግጦሹን እየገፋ መጣ፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ፎገራ ነው። ገበሬው ስለጠቀመው አልቃወምም። ላሟ ግን ደጅ ታስራ የሩዝ ገለባ መብላት ጀመረች፤ ሌሊቱን ሜዳ ማደር ቀረ። ላሟን እንኳ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ ምርምር ማዕከል ያስባታል፤ ለውሻው ያሰበ የለም። በረት የሚዞረው ውሻ ወይ በሰንሰለት ግቢ ጠባቂ ሆነ፣ ወይ ወረታ ገበያ ሥጋ ቤት ደጃፍ ወረደ።

ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚውል ውሻ ጌታውም ክትባቱም አይታወቅም። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች 99 በመቶው በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በልጅነቴ የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ወደ ጸበል ወይም ወደ መድኃኒት አዋቂ ይሄድ ነበር። ወደ ሕክምና የሄደውም ከበግ አንጎል የሚሠራውን ክትባት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፤ ብዙ ሰው ከውሻው ይልቅ መርፌውን ይፈራ ነበር።

ውሻ ያላችሁ የፎገራ ሰዎች፣ ላማችሁን ስታስከትቡ ውሻውንም ይዛችሁ ውጡ፤ በየዓመቱ ይደገምለት። በበዓል ስታርዱ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት አትጣሉለት፤ ቅበሩት። ከዚያ የሚይዘው ትል ከውሻው ወደ ከብቱም ወደ ልጆቻችሁም ይመለሳልና። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በወራጅ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ጸበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።