የብረት ጥገና ሙያ በሜጋ ምድር

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኘው ሜጋ በታሪክ መጻሕፍት የምትነሣው በአብዛኛው በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከጣሊያኖች እጅ ስለ ያዘው ምሽግ ነው፤ የአካባቢው የእጅ ሙያ ታሪክ ግን ከዚህ የላቀ ትኩረት ይገባው ነበር። በአካባቢው በሚኖረው የቦረና ሕዝብ ዘንድ ቱምቱ የሚባሉት፣ ቀጥቃጭነትን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ የኖሩት የብረት ባለሙያዎች፣ የከሰሉን እሳት በወናፍ፣ ማለትም አየር በሚገፋ የቆዳ ከረጢት፣ እያናፉ ጦርና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። ሕዝቡ የእጃቸውን ሥራ እየፈለገ በጋብቻ ግን ያገልላቸው ነበር፤ ይህም በደል ነበር።

ከቀጥቃጩ ሥራ በተለየ፣ ዛሬ ጠጋኝ እጅ የሚገባው የባትሪ መሰርሰሪያ፣ ማለትም ያለ ገመድ የሚሠራው መቦርቦሪያ፣ የመጣው ከሌላ ዓለም ነው፤ ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው በ1961 እ.ኤ.አ. ነበር። ቀጥቃጩ የደነዘዘውን ስለት በእሳት አግሎ በመዶሻ ሲያድስ፣ የመሰርሰሪያ ጠጋኝ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን በቮልት መለኪያ ይፈትሻል፤ 18 ቮልት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ 5 ሴሎች ስላሉት፣ አንዱ ብቻ ሲደክም ሙሉው ባትሪ ኃይል ያጣል። ቀጥሎ የሚታየው ካርቦኑ ነው፤ ይህ ወደሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ በሰበቃ እያለቀ የሚሄድና በቀላሉ የሚለወጥ ቁራጭ ሲሆን፣ አዲሶቹ ካርቦን የለሽ ሞተሮች ግን አያስፈልጋቸውም። የቀጥቃጩም ሆነ የጠጋኙ ሙያ ታሪክ አዋቂዎቹ በሕይወት ሳሉ ከራሳቸው አንደበት ሊጻፍ ይገባል።