የትምህርት ወንፊት፦ ከ1966 እስከ ዛሬ

ባለፈው ስብሰባችን ላይ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ገንዘብ ለማን ይዋል በሚለው ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። ግማሾቻችን «ከክፍላቸው እስከ አምስተኛ ለወጡ ልጆች ይሁን፣ ገንዘቡም ፍሬ ያፈራል» አልን። ሌሎቻችን «ጎበዙማ ያለ እኛም ያልፋል» አልን። ክርክሩ የእኛ ብቻ ስላልሆነ አገራችን ያለፈችበትን ጥቂት እናስታውስ።

በ1964 ዓ.ም. መንግሥት የትምህርቱን ሥርዓት አስጠንቶ ነበር፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ነው። ሐሳቡ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙው ሕፃን ማዳረስና ከዚያ በላይ የሚሄደውን ቁጥር መገደብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክፉ ብቻ አልነበረም፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠ የገጠር ልጅ አራት ዓመትም ትልቅ ነገር ነው። ወላጁ የሰማው ግን ሌላ ነው፦ የድሀ ልጅ አራተኛ ላይ ይቆማል፣ የባለጸጋው ይቀጥላል። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የታክሲ ሾፌሮችም በነዳጅ ዋጋ የተነሣ አብረው ቆሙ፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ጥናቱን አዘገየው። ስለ አብዮቱ ስናወራ ወታደሩን እናስቀድማለን እንጂ የልጆቹ ትምህርትም አንዱ መነሻ ነበር።

ከዚያ በፊትም ወንፊቱ ነበረ። የአምቦው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ ትምህርት ቤት ተነሥቶ አዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌት፣ ከዚያም ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። እንኮራበታለን። ከእሱ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አምቦ የቀሩትን ልጆች ግን ስማቸውን የሚያነሣ የለም።

እኛ የደረሰብን ደግሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ያመጣው የ10ኛ ክፍል ፈተና ነው። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ገባ፤ ያልመጣለት በ10+1፣ 10+2 ወይም 10+3 ሙያ ተማረ። ይህን የምንጽፈው ራሳችን በ10+3 ሒሳብ አያያዝ የተማርን ነን፤ ሙያው እንጀራችን ሆኗል፣ አናማርርም። ነገር ግን ፈተናው የለየው ችሎታን ብቻ አልነበረም። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረን 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሆነብን። ፊዚክሱ ሳይሆን ጥያቄውን ማንበብ የከበደን ብዙ ነን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንድሞቻችን ደብተር ሲገልጡ እኛ ውኃ ቀድተን፣ እራት ሠርተን፣ ከዚያ ኩራዝ ለኩሰን ነበር የምናጠናው። መንግሥትም ይህን ስላወቀ ይመስላል ለሴቶች የመሰናዶ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ያደርግ የነበረው። ይህ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል።

መለየቱ ግን አልቀረም፣ ወደ 12ኛ ተሸጋገረ እንጂ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ 900 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃው መቆሙ ተገቢ ነው። ግን ከመቶ ልጆች ሦስት ሲያልፉ ዘጠና ሰባቱ ሰነፍ ናቸው ማለት ይከብዳል። ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ምን አገኙ ብሎ መጠየቅ አይሻልም?

ወደ ገንዘባችን እንመለስ። የሒሳብ ነገር ስለሆነ ይህን እንናገር፦ መምህሩ የሚከፈለው በሰዓት ነው። 5 ልጅ ቢቀመጥም 20 ቢቀመጥም ክፍያው አንድ ነው፤ የሚጨምረው የወረቀትና የማባዣ ወጪ ብቻ ነው። «ገንዘቡ አይበቃም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይቆምም። በአንዱ ክፍል ጎበዙም ደካማውም ቢቀመጡ መምህሩ ይቸገራል የሚሉ እናቶች አሉ፤ እውነትም ይቸገራል። ስለዚህ ለጊዜው ያሰብነው ልጆቹን በደረጃ ሳይሆን በሚከብዳቸው ትምህርት መመደብ ነው፤ ሒሳብ የከበዳት ቅዳሜ፣ እንግሊዝኛ የከበዳት እሑድ ከሰዓት በኋላ ትምጣ። አንደኛ የወጣችውም እንግሊዝኛ ከከበዳት እሑድ ትመጣለች። በሚቀጥለው ስብሰባ የክፍያ መዝገቡን ይዘን እንመጣለን፤ አባላት አይታችሁ ወስኑ።