ጠገራ ብርና ቅቡ

በኢትዮጵያ ገበያ ለረጅም ዘመን የነገሠው ማርትሬዛ፣ በሌላ ስሙ ጠገራ ብር፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ዕድሜውን አይናገርም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፈች ወዲህ የተመታው ሁሉ፣ ቪየናም ይመታ ሮም፣ ለንደንም ይሁን ቦምቤይ፣ ያንኑ 1780 ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ ገበያተኛው የሚጠይቀው የት እንደተመታ ሳይሆን ብር መሆኑን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብር እንኳ በክብደት ሊተካከለው ምንም ባይቀረው፣ ገበያው ከለመደው ፊት በቀላሉ አልተላቀቀም።

እውነተኛውን ብር ከተቀባ አስመሳይ የሚለየው ምርመራ በዓይን ይጀመር ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ነጠብጣቦችና በራሷ ላይ ያሉት ሉሎች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ላቲን የማያነብ ነጋዴም ነጥብ መቁጠር አያቅተውም። ጣጣው ግን እውነተኛ ብር የሆነውም ነጥቡ ስለተፋቀ ብቻ መመለሱ ነበር። ቀጥሎ ጠርዙ ይዳሰሳል፤ «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው የንግሥቲቱ መሪ ቃል በላቲን ጎልቶ የተቀረጸበት ነው። በቅርጽ ፈሶ የተሠራ አስመሳይ እዚህ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም የሁለቱ ቅርጾች መጋጠሚያ እንደ ስፌት መስመር ይታያል።

መልኩ ያስጠረጠረ ሁሉ ቅብ አይደለም። ብር ሲያረጅ ይጠቁራል፤ ከስድስት እጅ አንዱ ያህል መዳብ ስለሆነም እርጥበት ያገኘው አረንጓዴ ሊያወጣ ይችላል። ቅቡን የሚያጋልጠው መፋቁ ነው፦ የንግሥቲቱ ጉንጭና ትከሻ፣ በጀርባው ያለው ንስር ደረትና ጠርዙ፣ ማለትም ጣትና ከረጢት የሚያሻቸው ጉብታዎች፣ ቀይ ወይም ቢጫ ሆነው ሲወጡ ከሥር መዳብ ወይም ነሐስ አለ። እውነተኛው ግን የቱንም ያህል ቢፋቅ ያው ነጭ ነው።

ዓይን ካልቆረጠ ሚዛን ይመጣል። ልኩ 28 ግራም ከጥቂት፣ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መዳብ ከብር ስለሚቀል አስመሳዩ ከሁለት አንዱን ያጣል፦ ስፋቱና ውፍረቱ ከተስተካከለ ይቀላል፣ ክብደቱ ከሞላ ይወፍራል። እርሳስ ደግሞ በክብደት ቢያታልልም ድንጋይ ላይ ሲጣል ድምፁ ዱብ ብሎ ይቀራል፤ ብር ግን ረዘም አድርጎ ያቃጭላል።

የመጨረሻው ዳኛ አንጥረኛው ነበር። መስቀል ወይም አምባር ሊሠራበት የመጣለትን ጠገራ ጠርዙን በሞረድ ይፍቀዋል፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ወደ ማቅለጫው ይከተዋል፣ ከቀላ ለባለቤቱ ይመልሰዋል።