የቦነያ ሌሊት

እስቲ ጠጋ በሉና የሆለታን ልጆች ነገር ላውጋችሁ።

በ1927 ዓ.ም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሚያስተምሩት በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች፣ የሚማሩት አፍላ ጎረምሶች ነበሩ። ጠላት ግን ፋታ አልሰጣቸውም፤ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

ያን ጊዜ ሰማዩ የጣሊያን ነው። የእኛ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ ለመልእክትና ለመጓጓዣ እንጂ ለአየር ውጊያ የማይሆኑ ነበሩ። ቦምቡና የመርዝ ጋዙ ከላይ ሲወርድ ወጥቶ የሚገጥመው ተዋጊ አልነበረንም። የገበሬው ጦር ባዶ ሰማይ ሥር አለቀ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የሆለታ ልጆች ግን እጅ አልሰጡም። ወደ ወለጋ አቀኑና ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ከሚመራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ቆሙ። በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ነሲቡ ከጦሩ መሪዎች መካከል ነበሩ።

ሰኔ ላይ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ለቀምት አጠገብ ቦነያ አረፉ። ሁለቱ ክንፋቸው ድርብ የሆነ ሮሜዎ ነበሩ። ሦስተኛው በዘመኑ አዲስ የነበረው ካፕሮኒ 133 ነው፤ ክንፉ አንድ ወጥ፣ ሞተሩ ሦስት፣ ቦምብም የሚጥል ሰውም የሚያመላልስ። የመጡት የአካባቢውን መኳንንት አግባብተው ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር።

ተሳፋሪዎቹም ተራ ሰዎች አልነበሩም። አለቃቸው ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ አየር ኃይል ምክትል አዛዥ ነው። አብሮት ያለው አንቶኒዮ ሎካቴሊማ በአገሩ ስሙ የገነነ አብራሪ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1918 እ.ኤ.አ.፣ ቪየና ላይ በራሪ ወረቀት ከበተኑት አንዱ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊሻገር ሲበር ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወርዶ የአሜሪካ የጦር መርከብ አትርፎታል።

ከባሕር የተረፈው ሰው ከቦነያ አልተረፈም። ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ፣ በጨለማ፣ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ጦር ሰፈሩን ወረረው። ማልዮኮ፣ አብሯቸው የነበረው ኮሎኔል ካልዴሪኒ፣ ሎካቴሊም ወደቁ። አውሮፕላኖቹ ነደዱ። ከመንገደኞቹ በሕይወት የተገኙት ቄሱ አባ ቦሬሎ ብቻ ነበሩ።

በሰማይ ያልተደረሰበት አውሮፕላን በምድር ተያዘ። በላይንና ክፍሌን ጣሊያን በ1929 ዓ.ም በግፍ ገደላቸው። የኢትዮጵያን የአየር መከላከል ታሪክ የምትጽፉ ሁሉ፣ ከቢሾፍቱ የአየር ኃይል ሰፈር አስቀድማችሁ ቦነያን ጻፉ።