የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፦ የተፈጥሮ ገጽታና የብዝኃ ሕይወት መኖሪያዎች

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻና የኮራል ዐለት ባይኖራትም፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና ያገኘ ሰፊ የሐይቅ ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ አላት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የጣና ሐይቅንና አካባቢውን በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ከካፋ፣ ከያዩና ከሸካ ቀጥሎ የአገሪቱ አራተኛ ሲሆን፣ 695,885 ሄክታር ይሸፍናል።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የተፈጠረውም የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ዓለት የውሃውን መውጫ በመገደቡ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በዚህ ምክንያት ከተራራ የሚመጣ ደለል ሐይቁን በቀላሉ ይጎዳዋል።

የጅጋና የፍኖተ ሰላም አካባቢ ወንዞች በብር ወንዝ በኩል በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ በመሆናቸው ለጣና አይገብሩም። ከአጎራባቹ ሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ግን ወደ ሰሜን ፈሶ ሐይቁን ይቀላቀላል፤ ከገባሮቹም ትልቁ ነው። ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ ጋር በመሆን በወንዞች አማካይነት ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያበረክታል። ስለዚህ በሰከላ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን ወይም የሚመነጠር ቁጥቋጦ ውጤቱ ሐይቁ ዳር ይታያል።

በዳርቻው ያሉት ረግረጎች የስፍራው እጅግ ሀብታም መኖሪያዎች ናቸው። ደንገልና ፊላ የደለሉን ፍሰት ያረግባሉ፤ ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ፣ ለጉማሬ መሰማሪያ ይሆናሉ። ደንገል የታንኳ መሥሪያም ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ቅዝቃዜ የሚሸሹ ስደተኛ ወፎች በበጋ ወራት በእነዚህ ረግረጎችና በአጨዳ በተራቆቱ ማሳዎች ይውላሉ። በዘጌ ልሳነ ምድር ደግሞ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅልበት ደን ይገኛል። በዚያ መሬትን በበሬ ማረስ በቆየ ልማድ የተከለከለ መሆኑ ደኑን እስከ ዛሬ አቆይቶታል፤ ማንኛውም የጥበቃ ደንብ ከመውጣቱ አስቀድሞ የነበረ ሥርዓት ነው።

ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣን ዓሣ ስለሚያግድ፣ በሐይቁ ውስጥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ በርካታ የላቤዎባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ተፈጥረዋል። ከእነዚህ ከፊሎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠራማ ስፍራ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የሚያጠምደው ሊራባ የሄደውን ዓሣ ነው፤ ጉዳቱም ከአንድ ቀን ገበያ እጅግ ያለፈ ነው። ብርብራ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መበተን ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይገድላል። ቆሮሶና አምባዛ በአመዛኙ በሐይቁና በዳርቻው ስለሚራቡ በወንዝ አፍ ማጥመድ የዚያን ያህል አይጎዳቸውም።

ጥብቅ ስፍራው በሦስት ቀጠናዎች ይከፈላል። 22,841 ሄክታር የሆነው ዋና ቀጠና ለጥበቃ ብቻ የተተወ ሲሆን፣ ጥናትና ክትትል ይካሄድበታል። በዙሪያው ያለው 187,567 ሄክታር የከለላ ቀጠና ተፈጥሮን የማይጎዳ አጠቃቀምን ይፈቅዳል። ቀሪው 485,477 ሄክታር የሽግግር ቀጠና ነው፤ ከተሞችና የእርሻ ቀበሌዎች የሚገኙት በዚህኛው ነው። የቀጠናው ስያሜ ነዋሪውን ከይዞታው አያፈናቅልም። ሆኖም በዳርቻው ግንባታ ለማካሄድ፣ ረግረግ ለማጠንፈፍ ወይም ጥናት ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቦታው በየትኛው ቀጠና እንደሚገኝ በወረዳው አስተዳደር ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለገበያ ዓሣ ማጥመድ የሚሻም፣ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ በሰሜናዊና በምሥራቃዊ ዳርቻ በስፋት ተዛምቷል። አረሙ በቁራጭም ሆነ በዘር ስለሚራባ፣ ነቅሎ በውሃው ዳር መተው መልሶ እንደመዝራት ይቆጠራል። የተነቀለው ከውሃ ርቆ መድረቅና መወገድ አለበት፤ ታንኳና መረብም ወደ ሌላ ውሃ ከመወሰዱ በፊት ሊጸዳ ይገባል።