ለከብት የተነፋ ዋሽንት

የሙዚቃችንን ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ያነሡ ሁሉ ሁለት በሮችን ማንኳኳት ልማዳቸው ነው። አንደኛው የቤተ ክህነት በር ነው፤ በዚያ ቅዱስ ያሬድን፣ ድጓውንና ሦስቱን ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ያገኛሉ። ሁለተኛው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት አዳራሽ በር ነው፤ በዚያ ደግሞ አዝማሪው ከነማሲንቆው፣ በገና ደርዳሪው፣ ነጋሪት ጎሳሚውና እምቢልታ ነፊው ይጠብቋቸዋል። ከሁለቱም በሮች ውጪ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ደበሎ ለብሶ በመስክ ላይ የቆመ አንድ ልጅ አለ። ዋሽንት ይነፋል። የሚያደምጠው ሰው የለም፤ የሚያደምጡት ከብቶቹ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ልጅና ስለ አድማጮቹ ነው።

ወደዚህ ነገር ያመጣኝ የራሴው ስሕተት መሆኑን አልሸሽግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደረስኩት አንድ አጭር ተውኔት ውስጥ እረኛ አስገብቼ ነበር። እረኛውን የሚጫወተው ልጅ ወደ መድረኩ አፋፍ ይመጣና ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ዋሽንቱን አሳምሮ ይነፋል። ልምምዱን ሊያዩ ከመጡት መካከል የታች ጋይንት ሰው፣ የአርብ ገበያ አካባቢ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያበቃ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ዋሽንቱስ ደግ ነው፤ ግን ይህ ልጅ ለማን ነው የሚነፋው? ከብቱ ወዴት አለ?» አሉኝ። ከብት መድረክ ላይ እንደማይወጣ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እንግዲያው ለእኛ ጀርባውን ይስጠን፤ ወደ ከብቱ ይዙር» አሉ። በዩኒቨርሲቲ ስለ መድረክ አቋቋም የተማርኩት ሁሉ ለዚህ መልስ አልሆነኝም።

አርብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ የዓርብ ገበያ ከተማ ናት፤ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫም እርሷ ናት። አገሩ ወደ ደቡብ እየተቆረጠ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ በሽሎን የተሻገረ ወሎ ገባ። ዋሽንቱ ከሚቃኝባቸው ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚያው የወሎ አገሮች ስም መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የበጌምድርን ደጋ አቋርጠው፣ በሽሎን አሻግረው መቅደላ አግብተዋል። የመድፉን ስም ታሪክ መዝግቦታል። ሠራዊቱ በሚያልፍበት አገር ከብቱን ወደ ገደል ሥር ነድቶ የሚሸሽገውን እረኛ ግን ማንም አልጻፈውም።

በዚህ አገር በሬ ማለት እርሻ ማለት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ አንድም የሌለው መሬቱን ለሌላ ይሰጣል። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ሀብት ታዲያ ቀኑን ሙሉ የሚጠበቀው በልጅ እጅ ነበር። ልጁ በመጀመሪያ ከደጅ ሳይርቅ ግልገል ይጠብቃል፤ ጥቂት ከፍ ሲል በግና ፍየል፣ ከዚያም ጥጃ፣ በመጨረሻ በሬና ላም ይሰጠዋል። ስንቁ ቆሎ፣ መሣሪያው ጅራፍና ወንጭፍ ነው። ጅብና ቀበሮ በእርሱ ላይ ናቸው፤ ከብት የሰው አዝመራ ውስጥ ከገባ ዱላው በእርሱ ጀርባ ላይ ነው። ኅብረተሰቡ ይህን ልጅ በአደባባይ የሚያከብርበት ቀን ቢኖር ነሐሴ 13 ቀን፣ ቡሄ ነው፤ በዚያን ዕለት ጅራፉ በየተራራው ይጮኻል፣ ሙልሙሉም ይጋገርለታል።

ዋሽንቱን የሚሠራው ራሱ ነው። ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ይቆርጣል፤ አንጓውን ይበሳል፤ በጋለ ብረት አብዛኛውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳዎች ያወጣለታል። ልኩን የሚወስደው ከጣቱና ከክንዱ ነው። ስለዚህም የሁለት እረኞች ዋሽንት አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጥም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና 1771 በጎንደር ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ ስለ አገራችን የዜማ መሣሪያዎች የጻፈው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመው በቻርልስ በርኒ የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ብሩስ ወደ ታች ተይዞ የሚነፋውን መሣሪያ በአማርኛ «አገዳ» ይሉታል ብሎ መዝግቧል። እኔ በዚህ ስም ደስ ይለኛል። ነጋሪትና እምቢልታ የሹመት ምልክቶች ነበሩ፤ ባለቤታቸው ባለ ሥልጣን ነው። አገዳ ግን ከመስክ ይቆረጣል፤ ለመቁረጥም የማንም ፈቃድ አያሻም።

ከብቱ ስም አለው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው፤ አመድማው ዳልቻ ነው፤ ዝንጉርጉሩ ቡሬ ነው። ልጁ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ የሚወደው ደግሞ ከሁሉ ተለይቶ አንድ አለ፤ ብዙ ጊዜም ጥጃ ሳለ ያሳደገው ወይፈን ነው። ረፋዱ ላይ ከብት ሲግጥ ዋሽንቱ ብዙም አይሰማም፤ ልጁ ሥራ ላይ ነው። ቀትር ሲሆን፣ ከብቱ ውኃ ጠጥቶ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ማመስኳት ሲጀምር፣ ዋሽንቱ ከወገብ ይወጣል። ያ ሰዓት ዝግተኛ ነው፤ የትዝታ ቅኝትም ዝግተኛ ነው። የእረኛ ዜማ የሚረዝመውና የሚተክዘው ልጁ አሳቢ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን አድማጩ ስለሚያመሰኳም ይመስለኛል። ለሚያመሰኳ በሬ ፉከራ አይነፋም።

በልጅና በከብት መካከል ያለውን ይህን ፍቅር ተረታችንም አልረሳውም። ላሜ ቦራን የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ አይገኝም። እናት ስትሞት ልጆቿን ለላሟ አደራ ትሰጣለች፤ ላሟም ወተቷን እየሰጠች ታሳድጋቸዋለች። የእንጀራ እናት ግን ትቀናና ታመምኩ ብላ ላሟን ታሳርዳለች። በዚህ ተረት ውስጥ ልጆቹ ላሟን የሚጠሯት በዜማ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። ተረቱን የፈጠረው ሰው ከብት በዜማ ሲጠራ የሰማ ሰው ነው።

ቤተ ክህነትም ብትሆን፣ ጠለቅ ብለን ካየናት፣ እረኛውን ከውስጧ አላስወጣችውም። ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው በእኛ መዝሙረ ዳዊት መጨረሻ ላይ 151ኛ መዝሙር አለ፤ በዚያም የቤቱ ታናሽ የሆነው ልጅ የአባቱን በጎች ይጠብቅ እንደነበረና በገዛ እጁ የዜማ ዕቃ እንደ ሠራ ይናገራል። ይህ ልጅ ዋሽንት ሊነፋ የሚችለው የትኛው ደብር አጠገብ ነበር ብንል ደግሞ ጋይንት ሩቅ አያስኬደንም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። በትውፊቱ መሠረት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ያሬድ ዜማን የተማረው ከሦስት ወፎች ነው፤ ተስፋ ቆርጦ ከትምህርቱ በሸሸ ጊዜም ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የምትወድቅ ትል አይቶ ተመልሷል። ከወፍ ወደ ሰው የመጣውን ዜማ እረኛው ወደ በሬ መልሶታል። ይህን ከቤተልሔም መምህራን ፊት ደፍሬ ባልናገረውም እዚህ ላይ ለመጻፍ አልተሳቀቅሁም።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በስዊስ ተራሮች ላሞች የሚጠሩበት የእረኞች ዜማ አለ። ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1768 ባሳተመው የሙዚቃ መዝገበ ቃላት፣ ይህ ዜማ በባዕድ አገር ያሉትን የስዊስ ወታደሮች እያስለቀሰ ስላስኮበለላቸው እንዳይዜም ተከልክሎ እንደነበረ ጽፏል። ለላም የተሠራ ዜማ ወታደር ያስኮበልላል ማለት ነው። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በእንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዝግተኛ ሙዚቃ የሚሰሙ ላሞች ወተታቸው በጥቂቱ እንደሚጨምር አስታወቁ። ጋዜጦች እንደ ትልቅ ግኝት አወሩት። የጋይንት ልጅ ቢጠየቅ ኖሮ ያለ ደመወዝ ይነግራቸው ነበር።

እረኛው ወደ ከተማ የገባው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲቋቋም ዋሽንት ከክራር፣ ከማሲንቆና ከበገና ጋር በአንድ መድረክ ተቀመጠ፤ መላኩ ገላውን የመሰሉ ነፊዎችም ስማቸው ታወቀ። አሸናፊ ከበደ በ1950ዎቹ መጨረሻ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰቱን ለኦርኬስትራ ጽፎ እረኛውን እስከ ሀንጋሪ አደረሰው። ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌውና በየክፍለ ጦሩ የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ ያለ ዋሽንት የቆመ ቡድን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በ1980 ዓ.ም. በአውሮፓና በአሜሪካ የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ትርኢትም ባህላዊውን ባንድ ይዞ ሄዷል። ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ዋሽንቱ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር መስማማት ስለነበረበት ነፊው ለየቅኝቱና ለየዘፋኙ ድምፅ የሚስማሙ በርከት ያሉ ዋሽንቶች ይዞ መዞር ግድ ሆነበት። በመስክ ግን ልጁ አንድ ዋሽንት ነበረው፤ አድማጩም ያንኑ ለምዶ ነበር።

ይህን ስጽፍ የሚታሙብኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ባለፈው ዘመን የሚተክዝ ሰው እንዳልባል ነው። እረኝነት ውብ አልነበረም። ዋሽንቱን የወለደው ረጅም ቀን ትምህርት ቤት የሌለበት ቀን ነው፤ ዝናብና ብርድ፣ ረኃብና ዱላ ያለበት ቀን ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እስክሪብቶ ከጨበጡት መካከል የልጅነት ዘመናቸውን በሙሉ ከከብት ኋላ ያሳለፉ ነበሩባቸው፤ ማንም የተማሪ ወላጅም ልጁን ለዋሽንት ሲል ወደ መስክ ይመልስ ዘንድ የሚመክር የለም፤ እኔም አልመክርም። ሁለተኛው ግን ይቀራል፤ ልጁን ከመስክ ስናወጣ የሚያውቀውን አልጠየቅነውም። የትኛው ዜማ ከብት ያሰባስባል፣ የትኛው ያስተኛል፣ የትኛውን ሲነፋ ላሟ ቀና ትላለች የሚለውን የመዘገበ መምህር ስንት ነው? ያ ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ጠያቂ ካላገኘም ይዞት ይሄዳል።

ወደ እኚያ የአርብ ገበያ ሰው ልመለስ። ተውኔቱን አስተካክዬ፣ ልጁን ጀርባውን አዙሬ አቆምኩትና በሚቀጥለው ልምምድ ጠራኋቸው። አይተው ዝም አሉ። ቆይተው ግን ይህን አጫወቱኝ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ጋይንትን ባጠቃ ጊዜ የእህል ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ የከብት ዋጋ ግን ወደቀ። አባታቸው የቀረችውን ቡሬ የተባለች በሬ ለገበያ አወጡ። ታናሽ ወንድማቸው የቡሬ እረኛ ነበርና ተከትሎ ሄደ። ሽያጩ ካለቀ በኋላ ገዢው ገመዱን ቢጎትት፣ ከኋላ ቢነዳ፣ ቡሬ ከቆመበት ንቅንቅ አልል አለ። ሰው ተሰበሰበ። አባትዬው መሬት መሬት እያዩ ቆዩና ልጁን፣ «በል ንፋለት» አሉት። ልጁ ዋሽንቱን ከወገቡ አወጣ፤ እየነፋ ፊት ፊት ሄደ፤ ቡሬም ተከተለው። ከገበያው ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ጀምረው፣ ገዢው የሚለይበት መንገድ ድረስ እንዲህ ሄዱ። እዚያ ላይ ገዢው የዋሽንቱንም ዋጋ ልክፈልና ሽጥልኝ አለው። ልጁ ዋሽንቱን ሰጠው፤ ገንዘቡን ግን አልተቀበለም።